አንድ አምላክና ያልተከፈለ ልብ
በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስለ ተነሣው የሃይማኖት ክርክር

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ሁለት ነገሮች ተያይዘው ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው እግዚአብሔር አንድ መሆኑን ለእስራኤል የሚያስታውቅ ቃል ነው፤ ሁለተኛውም ይህን አንድ አምላክ በፍጹም ልብ፥ በፍጹም ነፍስና በፍጹም ኃይል መውደድ እንደሚገባ የሚያዝ ነው። ከዚያም ቃሉ በእጅ ላይ እንዲታሰርና በዓይኖች መካከል ምልክት እንዲሆን ይነገራል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አንድ ጸሐፊ ከትእዛዛት ሁሉ ፊተኛይቱ የትኛዪቱ እንደ ሆነች በጠየቀ ጊዜ፥ ክርስቶስ መልሱን የጀመረው ከዚሁ ከአንድነቱ ቃል ነው፤ የፍቅሩ ትእዛዝ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። እንግዲህ በክርስትና እምነት አምላክን አንድ ብሎ ማወቅና እርሱን መውደድ ተለያይተው የሚቆሙ ትምህርቶች አይደሉም። አምላክ አንድ ስለ ሆነ የሚወደውም ልብ መከፈል የለበትም።

ነገር ግን ልብ አለመከፈሉ በምን ይታወቃል? ለዚህ ጥያቄ በአገራችን በ15ኛው መቶ ዓመት ብርቱ ክርክር ተነሥቶ፥ የሰው ደም እስከ መፍሰስ ደርሷል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ዘመን ነው። ዓመታቱ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ። በስሙ መጽሐፈ ብርሃንንና መጽሐፈ ሚላድን የመሰሉ የነገረ መለኮት ድርሳናት ይታወቃሉ። በዚያ ዘመን ስለ ሥላሴ የተነሣው ክርክር ቀላል አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እግዚአብሔር በስም፥ በአካልና በግብር ሦስት፥ በባሕርይና በመለኮት ግን አንድ ነው ይላል። ሦስትነቱን አጥብቆ የሚናገር ሰው ሦስት አማልክት አለ ተብሎ ሊከሰስ፥ አንድነቱን አጥብቆ የሚናገርም አካላቱን ቀላቀለ ተብሎ ሊነቀፍ ይችል ነበር። ንጉሡ ዘሚካኤላውያን ከተባሉት ወገኖች ጋር የተከራከረው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤም ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወስኖ፥ የኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ከቤተ ክርስቲያን ጋር አስታረቀ።

ንጉሡ ግን የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልበቃውም። ሕዝቡ ክርስቲያን ነኝ እያለ ለደስክና ለዲኖ እንደሚሠዋ፥ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ ጠንቋይ ቤት እንደሚገባ ያምን ነበር። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው፥ ክርስቲያን ሁሉ በግንባሩ ላይ የአብ የወልድና የመንፈስ ቅዱስን ስም፥ በእጆቹም ላይ ሰይጣንንና ደስክን የሚክድበትን ቃል ጽፎ እንዲይዝ ዐዋጅ ነገረ። ይህ ዐዋጅ ከኦሪት ዘዳግም ትእዛዝ ጋር መመሳሰሉ ለአንባቢ ግልጽ ነው፤ ይኸውም በእጅና በዓይኖች መካከል የሚደረገው ምልክት፥ በሥላሴ ስም ተተርጕሞ የመንግሥት ሕግ ሆነ ማለት ነው። ጣዖት አመለኩ ተብለው ከተከሰሱት መካከልም የንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም በግርፋት የሞቱ አሉ። ንጉሡ ይህንኑ ሕዝቡን ሰብስቦ በይፋ ተናገረ። ለገዛ ልጆቹ ያልራራ ሰው ትምህርቱን ለይስሙላ ያዘ ለማለት ያስቸግራል።

በዚሁ ጊዜ ያንኑ ትእዛዝ በሌላ መንገድ የተረዱ መነኮሳት ነበሩ። የአጋሜው ተወላጅ አባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርቱን ከቤተ መንግሥት ርቀው በገዳም ሥርዐት አጥብቀው እንዲኖሩ ያስተምር ነበር። ንጉሡ ፊት በቀረበ ጊዜ፥ ስግደት ለአብ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ የሚገባ ነው በማለት ለንጉሡ አልሰግድም አለ። ደቂቀ እስጢፋኖስ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀልም አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ። የእመቤታችን በዓላት እንዲበዙና ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ላዘዘ ንጉሥ ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር። ከዚህም በላይ ራሱን የሃይማኖት ጠባቂ አድርጎ ለሚያይ ንጉሥ አለመስገድ፥ እንደ ኑፋቄም እንደ ዐመፅም የሚቈጠር ነበር። አባ እስጢፋኖስ በእስር ሳለ ዐረፈ። በ1454 ገደማ ከተከታዮቹ ብዙዎች በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ ብርሃን ከሰማይ ታየ፤ ንጉሡም በዚያ ቦታ ደብረ ብርሃንን አቋቋመ ይላል ዜና መዋዕሉ። በደቂቀ እስጢፋኖስ ገድል ግን የተገደሉት ሰማዕታት ናቸው።

የሁለቱን ወገኖች ጠብ አንድ አምላክ አለ በሚልና የለም በሚል መካከል የተደረገ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ንጉሡም መነኮሳቱም ሥላሴን ያመልኩ ነበር፤ ሁለቱም የተከፈለ ልብን ይፈሩ ነበር። ልዩነታቸው ልብን የሚከፍለው ምንድር ነው በሚለው ላይ ነው። ለንጉሡ ጠላቱ ጠንቋዩና ጣዖቱ ነው፤ ለመነኮሳቱ ግን የአምላክን ስግደት የሚጠይቅ ማንኛውም ሌላ ክብር፥ የዙፋንም ክብር ቢሆን፥ ልብን ይከፍላል።

ለዚህ ችግር የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የአምልኮ ስግደትንና የአክብሮት ስግደትን ለይተው ያስተምራሉ። የመጀመሪያው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ለቅዱሳን፥ ለመስቀልና ለሥዕል የሚሰጥ ነው። ይህ ልዩነት ደቂቀ እስጢፋኖስ በሥዕሉና በመስቀሉ ጉዳይ ለተከሰሱበት ነገር በቂ መልስ ይመስላል። ነገር ግን ንጉሡ ስግደትን በማስገደድ የመታዘዝ መፈተኛ ባደረገው ጊዜ፥ የአክብሮቱ ስግደት ራሱ መልኩን ለወጠ። የሚሰግደው ሰው ከአክብሮት ይልቅ ከፍርሃት የተነሣ ይሰግዳልና። በግንባር ላይ ስለሚጻፈው ስምም እንደዚሁ ነው፤ ዐዋጅ ግንባርን ማየት ይችላል እንጂ ልብን ማየት አይችልም። ጣዖትን ከልብ ለማውጣት የታሰበው ቅጣት በዚያው ልብ ውስጥ የሰውን ፍርሃት ቢያስገባ፥ ልቡ አሁንም እንደ ተከፈለ ነው።

እንደዚሁም መነኮሳቱን ያለ ነቀፋ ማለፍ አይገባም። ትእዛዙ በማርቆስ ወንጌል ከባልንጀራ ፍቅር ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ የራስን ንጽሕና ለመጠበቅ ብቻ መለየት ይህን ሁለተኛውን ክፍል ሊያዘነጋ ይችላል። ሆኖም መከራውን ከተቀበለው ይልቅ በትረ መንግሥት የያዘው ወገን ተጠያቂነት የበለጠ ነው።

የንጉሡ ዜና መዋዕል በ1893 በፓሪስ ታትሟል። የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድልም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአንባቢ አቅርበውታል፤ የወገኑ ዋና ገዳም የጉንዳ ጉንዶ መጻሕፍትም በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ከዜና መዋዕሉ ብቻ የሚማር ተማሪ የመናፍቃንን ቅጣት ያነባል፤ ከገድሉ ብቻ የሚማርም የጨካኝ ንጉሥን ታሪክ ያነባል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ግን ስለ አንድ አምላክ የሚቀኑ ሁለት ወገኖችን ያገኛል፤ አንደኛው ቅንዓቱን በሰይፍ ሊያጸናው በመሞከሩም ምን እንደ ጠፋ ለመመዘን ይችላል።