ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ የሚከተሉ ስውር ወጪዎች፦ ከአዋሽ እስከ ዲቾቶ ላሉ ቤተሰቦች የተዘጋጀ መረጃ

ልጅ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ካርድ፣ ስለ አልጋና ስለ መድኃኒት ክፍያ ነው። በመንግሥት ሆስፒታሎች ግን ኪስ የሚያራቁተው ብዙ ጊዜ በሆስፒታሉ ደረሰኝ ላይ የማይሰፍረው ወጪ ነው። የመንገድ፣ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ፣ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ እቤት የቀሩ ታናናሾችና ያለ ጠባቂ የቀሩ ፍየሎች ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሰባተኛው ዙር የብሔራዊ ጤና ሂሳብ ጥናት እንዳመለከተው በ2009 ዓ.ም. ከሀገሪቱ አጠቃላይ የጤና ወጪ 31 በመቶ ያህሉ በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የተከፈለ ነው። ይህ አሃዝ ለሕክምና የተከፈለውን እንጂ ለአስታማሚ ምግብና ማደሪያ የወጣውን ወይም በሥራ መፍታት የቀረውን ገቢ አይቆጥርም።

መንገዱ

በአፋር ክልል ትልቁ ስውር ወጪ ርቀት ነው። በጅቡቲ መንገድ ላይ ከምትገኘው ዲቾቶ የተነሣች እናት ልጇን ዱብቲ ሆስፒታል ለማድረስ በሰርዶና በሰመራ በኩል ታልፋለች፤ ከሰመራ በኋላም ሌላ ተሽከርካሪ መያዝ ሊኖርባት ይችላል። ለአዋሽ ሰባት ኪሎ ነዋሪ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዱብቲ በራሱ ክልል ውስጥ ቢሆንም እጅግ ይርቃል፤ አዳማ ግን በክልል ወሰን ማዶ ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ የሪፈር ወረቀት ሲጻፍ ወላጅ ዝም ብሎ መቀበል የለበትም። «አገልግሎቱ የሚገኝበት ቅርብ ሆስፒታል የትኛው ነው? የጤና መድን አባልነቴስ እዚያ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሽፋን የሚሰጠው ውል በተገባባቸው የጤና ተቋማት ስለሆነ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ገንዘብ ሊያድን ይችላል።

አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያው አምቡላንስ እንዲልክ ይጠየቃል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ መስመር 907 ነው። በዲቾቶ በኩል የሚያልፉ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ሕሙማንን በደግነት እንደሚያደርሱ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ትንፋሽ ያጠረውን ወይም ራሱን የሳተን ልጅ በዚህ መንገድ መውሰድ እጅግ አደገኛ ነው፤ በጉዞው ላይ ኦክስጅንም ሆነ ባለሙያ የለምና። አምቡላንስ በአብዛኛው የሚያደርሰው መሄጃውን ብቻ መሆኑም አይዘንጋ። የመመለሻው ገንዘብ ከመነሻው ለብቻው ታስሮ ሊቀመጥ ይገባል፤ ልጃቸው ድኖ መሳፈሪያ አጥተው በሆስፒታል ግቢ የሚሰነብቱ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች

ብዙ ወላጅ ሊከፍል የማይገባውን እንዳይከፍል ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና እንዲሁም በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጡ የወባ መድኃኒቶች የቤተሰቡ ገቢ ምንም ይሁን ምን ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ከፍተኛ የምግብ እጥረት ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጠው ልዩ ወተትና በተለምዶ ፕላምፒነት የሚባለው አልሚ ምግብም እንዲሁ ነው። ይህ ምግብ ገበያ ላይ ሲሸጥ ከታየ ከታመመ ልጅ አፍ የተነጠቀ መሆኑ ይታወቅ።

ከዚህ ውጪ ላለው ሕክምና ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። አሠራሩ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ሲሆን በአርብቶ አደር አካባቢዎች የገባው ዘግይቶ ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ የተመላላሽና ተኝቶ የመታከም አገልግሎትን ይሸፍናል። ምዝገባው ግን በተወሰነ ወቅት ስለሚካሄድ ልጅ ከታመመ በኋላ ተሯሩጦ የሚገኝ አይደለም። ሁለተኛው መክፈል ለማይችሉ የሚሰጠው የነፃ ሕክምና ማስረጃ ነው፤ ጥያቄው የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። ማስረጃው ሳይያዝ ሪፈር ከተሄደ አባት ለአንድ ማኅተም ሲል ልጁን አስተኝቶ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ የዚያ ጉዞ ወጪ ከሕክምናው ሊበልጥ ይችላል። የመድን መታወቂያ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የወላጅ መታወቂያ በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው ይያዙ።

መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ሲባል

ይህ ወጪ ከሁሉም ይበልጥ ድንገተኛ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ካልተገኘ ወላጅ ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይላካል። ከመሄድ በፊት በተመሳሳይ ሊተካ የሚችል መድኃኒት በግቢው ውስጥ መኖሩን ሐኪሙን ወይም የመድኃኒት ባለሙያውን ይጠይቁ። የግድ ከሆነም ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም ያስመቱ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። የጤና መድን አባላት ገንዘባቸው የሚመለስበት አሠራር በወረዳቸው ካለ ያለ እነዚህ ሁለት ወረቀቶች አይስተናገዱም። ከደረሰኝ ውጪ ለማንኛውም ሠራተኛ ገንዘብ መስጠት አይገባም፤ የተጠየቀ ሰው ለሆስፒታሉ አስተዳደር ሊያመለክት ይችላል።

አስታማሚዋና ቤቷ

ሆስፒታሎች በአብዛኛው ለታካሚው እንጂ ለአስታማሚ ምግብ አያቀርቡም። የምታጠባ እናት በምግብ እጥረት ማገገሚያ ክፍል ካለች ግን ለእርሷም የሚቀርብ ምግብ እንዳለ ትጠይቅ። ሦስት አራት ዘመድ አብሮ መሄዱ የፍቅር ምልክት ቢሆንም የሁሉም ቀለብና ማደሪያ በአንድ ቤተሰብ ላይ ይወድቃል። አንድ ሰው ቢቀር፣ ሌሎቹም ተመልሰው ከብቱንና ልጆቹን ቢጠብቁ ይሻላል። በአፋር ወግ ዜና በዳጉ ፈጥኖ ስለሚዳረስ ጎሳው ለመዋጮ እንዲሰማ ማድረግ ከባድ አይደለም፤ በከተሞቹም እድርና እቁብ አለ። ፍየል መሸጥ የግድ ከሆነ ለገበያ ቀን ቀድሞ ማሰብ ይገባል፤ በችኮላ የቀረበ እንስሳ ገዢው በወረወረው ዋጋ ይሄዳልና።

አማርኛ የማይናገር ወላጅ የአፋርኛ ተናጋሪ ባለሙያ እንዲመደብለት ይጠይቅ። የመድኃኒት አወሳሰድን በስሕተት መረዳት ልጁን መልሶ ሊያስተኛው ይችላል።

ተቀጥሮ የሚሠራ ወላጅ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥመው እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ የማግኘት መብት አለው፤ ፈቃዱ በአንድ የበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ከሥራ ከመቅረት በፊት ለአሠሪው ማሳወቅና ልጁ መተኛቱን የሚያሳይ የሆስፒታል ማስረጃ መያዝ ሥራን ከማጣት ያድናል።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍ

ሰመራ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ለካንሰርና ለመሳሰሉት ሕመሞች ግን ጉዞው ላይቀር ይችላል። ቀጠሮ ሳይረጋገጥ መነሣት ለሳምንታት ማደሪያ መክፈል ማለት ነው። የሚልከው ሆስፒታል የሊያዞን ክፍል ከተቀባዩ ጋር በስልክ ተነጋግሮ አልጋ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ። ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት ይዘው ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች ማደሪያና ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አንዱ ነው። የሕክምና ክፍሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ካለው ያገናኛል።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት ሳይዙ አይሂዱ። የክትትል ቀጠሮው በቅርብ ጤና ጣቢያ ሊከናወን የሚችል መሆኑንም ይጠይቁ፤ ክብደት መለካት፣ ቁስል ማጽዳትና መርፌ መውሰድ ብዙ ጊዜ ዲቾቶ ወይም አዋሽ ላይ ሊሠራ የሚችል ነው፤ ለዚህም ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲጽፈው ያስፈልጋል።