ፕሮሰሰሩ አላረጀም፤ ሞቆት ነው

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። «ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ ቀይር አሉኝ» አለ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ዕቃ ነው። የገጠመው ራሱ ነው፤ ያኔ በጣም ኮርቶበት ነበር። ክዳኑን ከፈትነው። ማቀዝቀዣውን ከማዘርቦርዱ ጋር ከሚያያይዙት አራት የፕላስቲክ ፒኖች ሁለቱ ሳይገቡ ቀርተዋል። ብረቱ በአንድ ጎኑ ብድግ ብሏል። አውጥተን ጠረግነው፣ አዲስ ፔስት ቀባነው፣ አራቱንም ፒኖች «ቀጭ» እስኪሉ ተጫንናቸው። ያ «ያረጀ» ፕሮሰሰር ዛሬም እየሠራ ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ሳይታወቅ ቆየ? ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1971 ኢንቴል 4004 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር ሲያወጣ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ አያስፈልገውምም ነበር። በሰማንያዎቹ ዓመታት የቤት ኮምፒውተር የከፈተ ሰውም ፕሮሰሰሩን ብዙውን ጊዜ ራቁቱን ነበር የሚያገኘው። በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ ይህ ለምን ሊቀጥል እንደሚችል በስሌት አሳይተዋል። ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ከቀነሰ፣ በአንድ ቦታ ብዙ ቢታጨቁም የቦታው ሙቀት አይጨምርም።

ነገሩ ያለው «ከቀነሰ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ፍጥነቱ ሲጋልብ ቮልቴጁ ግን በዚያው ልክ አልወረደም። በ1993 የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየም በ5 ቮልት እየሠራ 15 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሉሚኒየም ክንፎችና ፋን የቤት ኮምፒውተር የዘወትር ዕቃ ሆኑ። ኮምፒውተር ገጣጣሚውም አዲስ ኃላፊነት ተሸከመ፤ ማቀዝቀዣውን ካበላሸ ፕሮሰሰሩን ይገድላል።

መግደል ስል አላጋነንኩም። በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ አንድ ቪዲዮ አወጣ። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ማቀዝቀዣውን ከላዩ ላይ ያነሡታል። የኤኤምዲው አትሎን በቅጽበት ጨሰና ሞተ። የኢንቴሉ ፔንቲየም 4 ግን አልሞተም። ሙቀቱን ራሱ ለክቶ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ተከፍቶ የነበረው ጨዋታ እየተንቀራፈፈ ቀጠለ። ማቀዝቀዣው ሲመለስለት ፍጥነቱም ተመለሰ።

ልብ በሉ፤ የአክስቴ ልጅ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ራስን ከቃጠሎ ማዳን ቀስ በቀስ የሁሉም ፕሮሰሰር ጠባይ ሆነ። ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ገንዘብ አድኗል። ነገር ግን ስህተታችንን የሚናገረውን ጭስ ወሰደብን። ድሮ ማቀዝቀዣውን አጣሞ የገጠመ ሰው ወዲያው ያውቅ ነበር። ዛሬ ማሽኑ ዝም ብሎ ይዘገያል፤ እኛም «አርጅቷል» እንላለን።

ሙቀቱ ግን አልቀነሰም። በ2004 የወጣው ፕሬስኮት የተባለው ፔንቲየም 4 እስከ 115 ዋት ይደርስ ነበር። ከመቶ ሻማ አምፖል የሚበልጥ ሙቀት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር በማይሰፋ ሲሊከን ላይ ማለት ነው። ትራንዚስተሮቹ በጣም ከማነሳቸው የተነሣ ተዘግተው እንኳ፣ በደንብ እንደማይዘጋ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ ያፈሱ ነበር። በዚያው ዓመት ኢንቴል ቃል የገባውን የ4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ሰረዘ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ክሬግ ባሬት በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ዛሬ ኮምፒውተር ስንገዛ «ስንት ኮር ነው?» የምንለው ኢንዱስትሪው ከዚያ በኋላ ፍጥነትን ከመግፋት ይልቅ ኮር ወደ ማብዛት ስለዞረ ነው። እነዚያ አራት የፕላስቲክ ፒኖችም የመጡት በ2004 ነው።

እንግዲህ የምትገጥሙ ሁሉ፣ ፔስት ለምን እንደሚቀባ እወቁ። ሁለቱ ብረቶች ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም በመካከላቸው ጥቃቅን ክፍተቶች አሉ። ክፍተቶቹን የሚሞላው አየር ነው። መዳብ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ አሻሽሎ ያስተላልፋል። ፔስት ከአየር ይሻላል እንጂ ከብረት አይሻልም። ስለዚህ እንደ ቅቤ አትለድፉት፤ መሀሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ለብዙ ፕሮሰሰሮች ትበቃለች። ከማቀዝቀዣው ሥር ያለውን ስስ ላስቲክ መላጥ አትርሱ። ባለ ብሎን ከሆነ እንደ መኪና ጎማ በመስቀለኛ፣ ተራ በተራ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ብረቱን ያጣምመዋል። የፋኑን ገመድም በቦታው ሰኩ።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የከተማችን አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አንድ ፋን በአንድ ዙር የሚጠርገው ሙቀት እዚህ ያንሳል። ቅዝቃዜያችን ትንሽ ቢክሰንም አቧራው ደግሞ አለ። ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ የማቀዝቀዣ ውጤት እዚህ እንዳለ አይሠራም።

የእኔ አቋም ቀላል ነው። «ፕሮሰሰር ቀይር» የሚል ባለሙያ በቅድሚያ የሙቀቱን ቁጥር ያሳይ። ቁጥሩን የሚያሳዩ ነፃ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ቀላል ሥራ እየሠራ 100 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስ ፕሮሰሰር አርጅቶ ሳይሆን ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ካቻቢቴና ትንሽ ፔስት የሚፈታውን ችግር በወር ደመወዝ አትፍቱት።