ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ፦ መንስዔዎቹና የአደጋ ምልክቶቹ

ሕፃኑ በሰላም ተወልዶ እልልታው ሲሰማ የቤተሰቡ ትኩረት ወደ አዲሱ እንግዳ ያዘነብላል። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ይሰበሰባል፤ ገንፎውም መገንፋት ይጀምራል። በሕክምናው ዐይን ሲታይ ግን እናቲቱ ገና ከአደጋ አልወጣችም። ከወሊድ በኋላ ያሉት 24 ሰዓታት፣ በተለይም የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት፣ የቅርብ ክትትል የሚያስፈልግባቸው ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው በየዓመቱ 14 ሚሊዮን ያህል ሴቶች ከወሊድ በኋላ ከባድ የደም መፍሰስ ያጋጥማቸዋል። ችግሩ በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ከሚዳርጉ ቀዳሚ ምክንያቶች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም ወደ 412 ዝቅ ብሏል። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም የተደረገው ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 48 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል።

ከባድ የሚባለው መቼ ነው?

ከወሊድ በኋላ ጥቂት ደም መፍሰሱ ተፈጥሯዊ ነው። በተለምዶ ከወሊድ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ 500 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ከፈሰሰ ከመጠን ያለፈ ነው ይባላል። የደም ማነስ ያለባት እናት ግን ከዚህ ባነሰ መጠንም ለአደጋ ልትጋለጥ ትችላለች። በእርግዝና መጨረሻ ላይ በየደቂቃው ከ500 ሚሊ ሊትር የማያንስ ደም ወደ ማህፀን ይደርሳል። መፍሰሱ ካልተገታ ጤናማ የነበረች እናት በ2 ሰዓታት ውስጥ ሕይወቷን ልታጣ የምትችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መንስዔዎቹ

የመጀመሪያውና ዋናው የማህፀን አለመኮማተር ነው። የእንግዴ ልጅ ሲላቀቅ ተጣብቆበት የነበረው ቦታ የደም ሥሮች ክፍት ሆነው ይቀራሉ። የማህፀን ጡንቻ ሲኮማተር እነዚህን ሥሮች ጨብጦ ይዘጋቸዋል፤ ከላላ ግን ደሙ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ከ10 አጋጣሚዎች 7 ያህሉ በዚህ ሳቢያ የሚከሰቱ ናቸው።

ሁለተኛው የእንግዴ ልጅ ወይም ቁራጩ በማህፀን ውስጥ መቅረት ሲሆን፣ ሦስተኛው በምጥ ወቅት በማህፀን፣ በማህፀን በር ወይም በብልት ላይ የሚደርስ መቀደድ ነው። አራተኛው የደም አለመርጋት ችግር ነው።

መንታ እርግዝና፣ የተራዘመ ምጥ፣ የደም ማነስ፣ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት፣ ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና መውለድ ወይም በቀድሞ ወሊድ ብዙ ደም መፍሰስ ተጋላጭነትን ይጨምራሉ። ሆኖም ደም ከሚፈሳቸው እናቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ አንዱም ያልታየባቸው ናቸው። ስለዚህ «ከዚህ በፊት በሰላም ወልዳለች» የሚለው አባባል ዋስትና ሊሆን አይችልም።

የአደጋ ምልክቶች

የሚከተሉት ሲታዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፦

• ከወሊድ በኋላ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 የንጽሕና መጠበቂያ የሚያርስ ደም መፍሰስ
• እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየጨመረ የሚመጣ ወይም የረጋ ትልልቅ ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ
• የልብ ምትና የትንፋሽ መፍጠን
• የቆዳ መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ
• ማዞር፣ ዐይን መጨለም፣ ብርቱ ጥማት፣ መቅበዝበዝ ወይም ግራ መጋባት

የደም ግፊት መውረድ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። የወጣት እናት ሰውነት ብዙ ደም እስኪያጣ ድረስ ግፊቱን ጠብቆ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም መዛሏን «የምጥ ድካም ነው»፣ መፍሰሱንም «የቆሸሸው ደም ይውጣላት» ብሎ ማለፍ ውድ ጊዜን ያባክናል። ደም መፍሰስ ከ24 ሰዓታት በኋላም ሳምንታት ቆይቶ ሊከሰት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ መንስዔው በማህፀን የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ወይም ኢንፌክሽን ነው።

እርዳታ እስኪደርስ

ደም መፍሰሱ በቤት ውስጥ ከተከሰተ አምቡላንስ መጥራትና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማሳወቅ ይቀድማል። እናቲቱን በጀርባዋ አስተኝቶ እንዳይበርዳት መሸፈን፣ ሽንቷን እንድትሸና መርዳትና ሕፃኑን ጡት ማስያዝ ያስፈልጋል። ጡት መጥባት ማህፀን እንዲኮማተር ያግዛል። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ እምብርት አካባቢ የሚገኘውን የማህፀን የላይኛ ክፍል እስኪጠነክር ድረስ በእጅ ማሸትም ይጠቅማል። የእንግዴ ልጁ ካልወጣ ግን እትብቱን መጎተት ጉዳቱን ስለሚያባብስ ፈጽሞ አይገባም።

በጤና ተቋም የሚሰጠው ሕክምና

ሕፃኑ እንደተወለደ የሚሰጠው የኦክሲቶሲን መርፌ ቀዳሚው መከላከያ ነው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት መብራት በሚቆራረጥባቸው ጤና ጣቢያዎች አያያዙ ጥንቃቄን ይሻል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሚሶፕሮስቶል የተባለው እንክብል አማራጭ ይሆናል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ሕይወትን ያድናል፤ በየ15 ደቂቃው መዘግየት ግን ጥቅሙ በ10 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

የፈሰሰውን ደም በዐይን መገመት አሳሳች ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2015 ዓ.ም ይፋ የሆነ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ደሙን መለኪያ ባለው ፕላስቲክ በመሰብሰብና ማሸትን፣ መድኃኒቶችን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽንና ምርመራን በአንድ ጊዜ በመስጠት ከባድ ጉዳትን በ60 በመቶ መቀነስ ተችሏል።

አስቀድሞ መዘጋጀት

በእርግዝና ወቅት ክትትል ማድረግ፣ አይረን ፎሊክ አሲድ እንክብልን ሳያቋርጡ መውሰድና የደም ዓይነትን ማወቅ ተጋላጭነትን ይቀንሳሉ። መኖሪያቸው ከጤና ተቋም የራቀ እናቶች የመውለጃ ቀናቸው ሳይደርስ በእናቶች ማቆያ ቢቆዩ ይመከራል። ቤተሰብም መጓጓዣውን፣ ወጪውንና ደም የሚለግሱ ሰዎችን ቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባል። ደም ሲያስፈልግ ከባንክ ተዘጋጅቶ መገኘት ስላለበት ጤናማ ሰዎች በየሦስት ወሩ የሚለግሱት ደም የማያውቋትን እናት ሕይወት ይታደጋል።

ውሳኔ ለመስጠት መዘግየት፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየትና ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት እናቶችን ለሞት የሚዳርጉ ሦስቱ መዘግየቶች ናቸው። የመጀመሪያው በቤተሰብ እጅ ያለ ነው። እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የመጣ ሁሉ ደሟ መቆሙን ቢጠይቅ ይህን መዘግየት ለማሳጠር ትልቅ እገዛ ያደርጋል።