ወሬው የሚጀምረው ክፍሉ ሲያልቅ ነው

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ ከፊቴ የቆሙ ሁለት ሴቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። «እኔ ብሆን በፍጹም አልመለስለትም» ትላለች አንደኛዋ። «ልጁንስ? ልጁን የት ትጣለው?» ትላለች ሌላዋ። የጎረቤት ትዳር የፈረሰ መስሎኝ አዘንኩ። ታክሲው መጥቶ ከገባን በኋላ ነው ስለ ድራማ እንደሚያወሩ የገባኝ። ረዳቱም ሳይቀር ገባበት፤ «እሱ ሰውዬ እኮ አልተለወጠም፣ እናንተን እያታለለ ነው» አላቸው። ዓለም ባንክ እስክንደርስ ከኋላ ወንበር ድረስ ሁሉም ፍርዱን ሰጠ።

ወዳጆች፣ እዚህ ቻናል ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ ብር ምንዛሪ፣ ስለ ጦርነት ስንጻጻፍ ከርመን ዛሬ ስለ ድራማ ሳወራ «ይኼ ሰውዬ ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። የአገራችን የቴሌቪዥን ታሪክ ሲነገር ሁሌም የጣቢያዎች ታሪክ ነው፤ ማን አቋቋመው፣ ማን መረቀው፣ የትኛው መንግሥት ምን አስተላለፈበት ይባላል። ከስክሪኑ ማዶ የተቀመጠው ሰው ግን ታሪክ የሌለው ይመስላል። እኔ ዛሬ ስለ እሱ ነው የምጽፈው፤ ያደግሁባትን ኮልፌን ይዤ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቴሌቪዥን የቤተ መንግሥትና የጥቂት ባለጸጎች ዕቃ ነበር። ኮልፌ ደግሞ የከተማው ዳር ነበረች። ስሟ ከተጠራም የሚጠራው በፖሊስ ካምፗ ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱበት ካምፕ ነው። ለተራው ሰው ታሪክ በየክፍሉ የደረሰው መጀመሪያ በሬዲዮ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ በኋላ ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ክፍል በክፍል ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰው የመጽሐፉ ባለቤት ሆነ። አባቴ መጽሐፉን አንብቦት አያውቅም። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገር ግን ግቢያቸው ውስጥ የኖረ ነው የሚመስለው። በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ጉዳይ ከእናቴ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ እሱ ጥፋቱ የአባትየው ነው ይላል፣ እሷ ደግሞ የበዛብህ መዘግየት ነው ትላለች።

ያ ክርክር ተራ ጨዋታ አልነበረም። ሰው ስለ ራሱ ቤት በአደባባይ ማውራት በሚያፍርበት አገር፣ ስለ ሌላ ሰው ቤት ማውራት ስለ ራስ የማውሪያ መንገድ ነው። «ልጅህን ያለ ፍላጎቷ አትዳራት» ብሎ ጎረቤቱን የሚገሥጽ ሰው ጠብ ይፈጥራል። «ፊታውራሪ ተሳሳቱ» ሲል ግን ማንም አይቀየመውም፣ ጎረቤቱም መልእክቱ ይደርሰዋል።

ይህን በደንብ የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በሜክሲኮ ሚጌል ሳቢዶ የሚባል የቴሌቪዥን ባለሙያ በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተከታታይ ድራማን ለጎልማሶች ትምህርትና ለቤተሰብ ምጣኔ ማስተማሪያ አድርጎ መጠቀም ጀመረ። ሐሳቡ የመጣለት የፔሩ ድራማ አንዲት የቤት ሠራተኛ በስፌት ኪና ራሷን ስታሳድግ የሚያሳይ ነበር፤ ተመልካቹ የስፌት መኪና ለመግዛት ተሻማ፣ የገጸ ባሕርይዋ ሠርግ ሲቀረጽ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ለብሶ አጊጦ ሠርግ መጣ። ይኸው ዘዴ ወደ እኛም አገር ደረሰ። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ተላለፈ። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ነበር። አዘጋጆቹ ከአድማጮች ከ15,000 በላይ ደብዳቤ እንደደረሳቸው ተናግረዋል። አስሉት፤ ለአንድ ክፍል በአማካይ ወደ 60 የሚጠጋ ደብዳቤ ማለት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት፣ ወረቀት ተገዝቶ፣ ቴምብር ተለጥፎ፣ ፖስታ ቤት ተኪዶ!

ከእነዚያ ደብዳቤዎች አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ኮልፌ አጠና ተራ ጀርባ፣ በአንድ ግቢ አራት አባወራ እንኖር ነበር። ከጎናችን ያሉት እትዬ ጉልት የሚነግዱ፣ ባላቸው ከሞተ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሴት ነበሩ። ባላቸው በምን እንደሞተ በግቢው ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አይናገርም። ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ፤ በየሳምንቱ ድንኳን የሚተከልበት፣ «ሳንባ ነው»፣ «ምች ነው» የሚባልበት ጊዜ ነበር። እትዬ ድራማው በሚተላለፍበት ሰዓት ሬዲዮናችን አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ክፍሉ ሲያልቅ «አንተ ልጅ፣ ደብተርህን አምጣ» አሉኝ።

እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ገጸ ባሕርይዋን በቀጥታ ነው ያናገሯት፤ «ልጄ፣ ሳትመረመሪ እሺ እንዳትዪው። እሱ ይቆጣል ብለሽ አትፍሪ። ቁጣ ያልፋል፣ በሽታው ግን አያልፍም» አሏት። ቀጥለው ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም ገና አልተመረመርኩም» አሉ። ልጽፈው ስል እጄን ያዙኝ። «ይኼን ተወው። እሱ የራሴ ነው» አሉ።

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሬዲዮ ይነበብ ይሆን ብለን ብዙ ሳምንት ጠበቅን፤ አልተነበበም። እትዬ ከእናቴ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደው እንደተመረመሩ፣ ነፃ ሆነው እንደተገኙም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቃል በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፋቸው ያወጡት ለአንዲት በዓለም ላይ ለሌለች ልጅ ምክር ሲሰጡ ነበር። «ድራማ ሥራ ፈት ያደርጋል» የሚለኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ የቴሌቪዥኑ ተራ ደረሰ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ገመና»፣ ከዚያም «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መጡ። በዚያን ጊዜ በእኛ ግቢ ከአራቱ ቤቶች የሦስቱ ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ግን ሁሉም የሚሰበሰበው አንድ ቤት ነው፣ ምክንያቱም ብቻውን የሚያይ ሰው ከማን ጋር ይከራከራል? አንጋፋው ተዋናይ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ስክሪን ላይ ሲመጣ ቤቱ በእርግማን ይሞላል። አጎቴ «ይኼን ሰውዬ እኔ ባገኘው!» ብሎ ይነሳል፣ ሚስቱ «ቁጭ በል፣ ስኳርህ ይነሳል» ትለዋለች። በሰፈራችን ሸሪኩን የሚክድ ነጋዴ ሁሉ «አስናቀ» ይባል ጀመር።

ወሬው የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ከቡናው ጋር ነው የሚሄደው። በአቦሉ ላላየ ሰው ይተረካል፤ መብራት የሄደበት፣ ለቅሶ የሄደ፣ ሥራ ያመሸ ይኖራላ። በቶናው ፍርድ ይሰጣል፤ ማን አጠፋ፣ ማን ተበደለ። በበረካው ትንቢት ይነገራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማን ይጋለጣል። ትንቢቱ የሰመረለት ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይኮራል። ሰባት ቀን መጠበቅ ቅጣት መስሎን ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያ ሰባት ቀን ነው ጎረቤት ያደረገን።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር ነገሩ ተቀየረ። የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ መጡ፤ «ጥቁር ፍቅር» ከተማውን ያዘ። ቀደም ሲል ኮልፌ ውስጥ ቆርቆሮው ሁሉ ዲሽ ቢሸከምም የሚታየው በዓረብኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም ነበር፤ ሰዉ በምልክትና በግምት ነበር የሚከታተለው። አሁን ኤሊፍ በአማርኛ አለቀሰች። የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ ባህል ይበረዛል፣ ሥራችን ይሞታል አሉ። ሥጋታቸው ባዶ አልነበረም። አንድን የውጭ ድራማ ድምፅ ለውጦ ማቅረብ አዲስ ድራማ ጽፎ፣ ቀርጾ ከማቅረብ በእጅጉ ይረክሳል። ከዚህ ጋር መወዳደር ለአገር ውስጥ ጸሐፊ ቀላል አይደለም።

በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን አንድ ሰው አልተጠየቀም፤ ተመልካቹ። ሁለቱም ወገን የሚያወራው እሱ ያየውን ሁሉ እንደሚውጥ ሕፃን ቆጥሮ ነበር። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እናቴ የኢስታንቡሏን አማት የፈረደችባት በኮልፌ ሕግ ነው፤ «ምራቷን በእንግዳ ፊት ታዋርዳለች? ሽማግሌ የላቸውም እንዴ?» ትላለች። ግቢያችን ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የሚያየው፤ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ደግሞ «እነዚህ ደግሞ በረመዳን ምን ዓይነት አለባበስ ነው?» እያለች ትታዘባለች። ድራማው የቱርክ ነበር፣ ፍርዱ ግን የኛ።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግድቦች የውኃ እጥረት የተነሳ መብራት በፈረቃ ሲሆን ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ያኔ ቤተሰባችን ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛውሮ ነበር። ሁለት ዓመት ኖረን የታችኛውን ፎቅ ሰዎች ስም አናውቅም። ፈረቃው ሲመጣ መብራት ያለበት ብሎክ የሌለበትን ጠራ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዶ ሄዳ በማታውቀው ሰው ሳሎን ተቀምጣ ድራማዋን አየች፣ ተከራከረች፣ ቡና ጠጥታ ተመለሰች። እስከ ዛሬ ዕቁብ የምትጥለው ከእነሱ ጋር ነው።

ዛሬስ? ጣቢያው በዝቷል። በአርትስ ቲቪ የቀረበው «እረኛዬ» ጥሩ የአገር ውስጥ ድራማ ሲገኝ ሰዉ ከቱርኩ ወደ ራሱ እንደሚመለስ አሳይቷል። የምናየው ግን በየስልካችን፣ በየሰዓታችን ነው። አንዱ ክፍል 3 ላይ ነው፣ ሌላው ክፍል 20 ላይ፤ «እንዳትነግረኝ!» ይባባላል። ወሬው ከቡና ወደ ዩቲዩብ አስተያየት ሄዷል። ብዛቱ ከዚያ ዘመን ደብዳቤ ይበልጣል፤ አንድ ክፍል በአንድ ሌሊት በሺዎች የሚቆጠር አስተያየት ያገኛል።

አንብቡት እስቲ። ብዙው ደስ የሚል ነው፤ ከአስመራ፣ ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከዋሽንግተን የሚጻፍ ናፍቆት አለበት። ግን አንድ ገጸ ባሕርይ በዘዬ ሲናገር ከሥሩ የሚመጣውን ተመልከቱ፤ «ሌባውን ለምን ከዚህ ብሔር አደረጋችሁት?»፣ «ጀግናዋ ለምን የእነሱ ሆነች?» የሚል ነው። ያኔ በእኛ ግቢ አራት ቋንቋ ይነገር ነበር። ስለ አስናቀ ሌሊቱን ሙሉ ስንጣላ አንድም ሰው «ብሔሩ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። የተጣላነው ስለ ሥራው ነው። ሸሪኩን ካደ ወይስ አልካደም? ይቅር ይባላል ወይስ አይባልም?

ስለዚህ ነው ዛሬ ስለ ድራማ የጻፍኩት። ሰውን በሥራው መመዘን ልምምድ ይፈልጋል፤ እኛ የምንለማመደው እዚያ ቡና ላይ ነበር፣ በማይጎዱ በፈጠራ ሰዎች ላይ። ነገ በእውነተኛ ሰው ላይ ስንፈርድ እጃችን እንዳይፈጥን። ልምምዱን ስናቆም ምን እንደተካው ታውቃላችሁ፤ ይኸው ቻናል አስተያየት መስጫ ሥር ወርዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

መፍትሔ ብዬ የማቀርበው ትልቅ ነገር የለኝም። ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ግን አንድ ነገር ቢያስቡ እላለሁ፤ ክፍሎቹን ብቻ ሳይሆን የተመልካቹንም ቃል ያስቀምጡ። ከ15,000 ደብዳቤ ውስጥ ስንት እትዬ እንዳሉ አስቡ። የ1990ዎቹን ኢትዮጵያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከየትኛውም ሪፖርት በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

እናንተ ደግሞ በዚህ ሳምንት አንዱን ክፍል ብቻችሁን አትዩት። የታችኛውን ፎቅ በር አንኳኩ። ስኳር አለቀብኝ በሉ። ከገባችሁ በኋላ ደግሞ በቶናው ላይ ተጣሉ።

ደህና ሁኑልኝ። እናንተ በየትኛው ድራማ ከማን ጋር ተጣልታችኋል? ከታች ጻፉልኝ፤ እኔ አነባለሁ፣ እናቴም አነብላታለሁ።