የማይጨው ሟቾችና ከተማችን

በ1928 ዓ.ም. መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ስለተደረገው ጦርነት በትምህርት ቤት የምንማረው ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ ራሶቹ፣ ስለ ክብር ዘበኛና ስለ ጠላት አውሮፕላን ነው። ስንቁን በአህያ ጭኖ ከየትንንሹ ከተማ የዘመተው ባላገር ግን እምብዛም አይነሣም። ከከተማችንም ዘምተው ያልተመለሱ ብዙዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ ያሰብነው እነርሱ እንዴት እንደሚታወሱ ነው።

በፈረንሳይ አገር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1914 እስከ 1918 ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ ከ30 ሺህ በላይ ከተሞችና መንደሮች የሟቾቻቸው መታሰቢያ ሐውልት በየአደባባዩ አቁመዋል፤ በአብዛኛዎቹም ላይ ስማቸው አንድ በአንድ ተቀርጿል። በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። ይህም ሕዝቡ ሟቹን ስለናቀ አይደለም። ከክብር ዘበኛው በቀር አብዛኛው ሠራዊት የክተት ጦር ነበርና የደመወዝ መዝገብ አልነበረውም። ሰው የሚቈጠረው «የእገሌ ጦር» እየተባለ በአለቃው ስም ነበር፤ አለቃውም አብሮ ከወደቀ ቈጣሪ አልቀረም።

አስከሬናቸውም አልመጣም። ጦሩ ወደ አሸንጌ ሐይቅ ሲያፈገፍግ ጠላት ከአየር በቦምብና በመርዝ ጢስ ስላሳደደው፣ ወንድም ወንድሙን የሚቀብርበት ጊዜ አላገኘም። በኮሪያ የወደቁት የቃኘው ወታደሮች፣ ቍጥራቸው ከ120 በላይ የሆነው፣ አስከሬናቸው ወደ አገር ስለገባ ቤተ ሰባቸው የሚያለቅስበት መቃብር አገኘ። የማይጨው ሟች ይህ አልደረሰውም።

ከዘመቻ የተመለሰ ጎረቤት «ሲወድቅ አይቻለሁ» ያለለት መርዶው ተነገረ፤ በቤት የቀረው ልብሱ ወጥቶ ተለቀሰለት፤ አርባውና ሙት ዓመቱ ወጣለት። አየሁ የሚል ያልተገኘለት ግን ከሟችም ከሕያውም ሳይቈጠር ቀረ። ምናልባት ከአርበኞች ጋር በዱር ይሆናል እየተባለ፣ ጠላት እስከወጣበት እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ሚስቱ ከል ሳትለብስ ጠበቀች። ለዚህ ሰው ተዝካሩ ከየትኛው ቀን ይቈጠር?

ቀኑ የታወቀለትም ቢሆን መጋቢት 22 ሁልጊዜ የሚውለው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቤት ዝክሩን ከፋሲካ በኋላ ያደርጋል፤ ዕለቱም በከተማችን እንደ ማንኛውም ቀን ያልፋል። ሚያዝያ 27 ግን የድል በዓል ስለሆነ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ስለ አርበኞችም ይነገራል። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም እስከ ዘንድሮ ድረስ ሁለቱን ቀኖች ለይተን አናውቅም ነበር።

ዘንድሮ የክፍላችን ተማሪዎች የዘማቾቹን ስም ከየቤቱ እየጠየቅን በደብተር መጻፍ ጀመርን። ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ስም አለው፤ ጎረቤት የሚያውቀው በዓለም ስሙ ነው፤ ቄሱ በጸሎት የሚያነሡት ደግሞ በክርስትና ስሙ ነው። ዕድሜያቸው 90 የሆነ አንዲት እናት አባታቸው ሲዘምቱ ገና ጡት የሚጠቡ ሕፃን ነበሩ። የአባታቸውን የዓለም ስም ነገሩን። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁት እናታቸውና የንስሐ አባታቸው ነበሩ፤ ሁለቱም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። እኒህ እናት ለቤተ ክርስቲያን መባ ሲሰጡ «ለአባቴ» ብቻ እንደሚሉ ነገሩን። ስሙን ስንጽፍ ቆመው አዩንና፣ «ልጆቼ፣ ከጎኑ ቦታ ተዉለት፤ የሚያውቅ ሰው ቢገኝ ትሞሉታላችሁ» አሉን።

ቦታውን ትተናል።