ለደጋ ጓሮ የሚሆኑ መጻሕፍት

ስለ አትክልት ሥራና ስለ ግቢ አሠራር የተጻፉ መጻሕፍት ሲባል በእጃችን የሚገቡት በአብዛኛው ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጡት ናቸው፡፡ ፎቶግራፋቸው ያምራል፤ ወረቀታቸው ያንጸባርቃል፡፡ ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ያሳስታሉ፡፡ የእነርሱ ዓመት በአራት ወቅት የተከፈለ ነው፤ የእኛ ዓመት የሚከፈለው በዝናብ ነው፡፡ ፀሐይዋም ብትሆን አንድ ዓይነት አይደለችም፡፡ የለንደኑ ደራሲ ሙቀት ወዳዱን ተክል በደቡብ ግድግዳ ሥር ትከሉ ቢል ልክ ነው፤ እርሱ አገር የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፡፡ ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በበጋ ደግሞ ወደ ደቡብ ትመለሳለች፡፡ የሰሜኑን ግድግዳ ዘወትር ጥላ ነው ብሎ የተከለ ሰው በግንቦት ላይ ተክሉ ሲጠወልግ ያያል፡፡

ከዓመታት ንባብ በኋላ የደረስኩበት ድምዳሜ፣ ለደጋ ጓሮ የሚበጁት ምርጥ መጻሕፍት ለጓሮ ተብለው ያልተጻፉት ናቸው የሚል ነው፡፡

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው የዶ/ር አዘነ በቀለ ተሰማን ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የሚያትተውን መጽሐፍ ነው፡፡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፡፡ በ2007 ተሻሽሎና ሰፍቶ ሲወጣ አገሪቱን በ17 የአየር ጠባይ ቀጣናዎች ከፋፍሎ ነው፡፡ ከቆላ እስከ ውርጭ ያለው አከፋፈል የገበሬው የራሱ ቋንቋ በመሆኑ ለእኛ አንባቢዎች እንግዳ አይሆንም፡፡ በዚህ ዓይነቱ አከፋፈል ወይና ደጋ 2,300 ሜትር አካባቢ ያበቃል፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ከደጋው ደጃፍ ላይ ናት ማለት ነው፡፡ እያንዳንዱ ዛፍ ሥዕል፣ የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ስም፣ ጥቅሙ፣ ዘሩ እንዴት እንደሚዘጋጅ ሁሉ አለው፡፡ ለአጥር ኮሽም ወይስ ቀጋ? ኮሶ ከቤቱ ምን ያህል ይራቅ? መልሱን ማግኘት የሚቻለው እዚህ ነው፡፡ ባሕር ዛፍንም ሳያሞግስና ሳይረግም እንደ ማንኛውም ዛፍ መዝግቦታል፤ ይህን ሚዛን በየስብሰባው ብሰማው ደስ ባለኝ፡፡

ቀጋን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሰሃራ በስተደቡብ ያለው ብቸኛው አገር በቀል ጽጌረዳ እርሱ ነው፡፡ ሆኖም ግቢ ሲጸዳ ቀድሞ የሚመነጠረው እሾሃም ነው ተብሎ ቀጋ ሲሆን፣ በምትኩ ከከተማ በገንዘብ ተገዝቶ የሚመጣው ሌላ ጽጌረዳም እሾህ አለው፡፡

ሁለተኛው ራይንሃርድ ፊሽትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ነው፡፡ የተጻፈው ለንብ አናቢዎች ነው፡፡ ነገር ግን ንብ የምትፈልገውና የጓሮ ባለቤት የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ አበባ፡፡ አብዛኛው ግቢያችን በመስከረም በአደይ አበባ ይደምቅና ከጥቅምት በኋላ ባዶውን ይቀራል፡፡ ይህ መጽሐፍ የትኛው ተክል በየትኛው ወር እንደሚያብብ ስለሚናገር፣ ወረቀት ይዞ ወራቱን ደርድሮ ክፍተቱን መሙላት ይቻላል፡፡ በበጋ የሚያብበው ግራዋ፣ ማንም የጌጥ ተክል የማይለው፣ በዚህ ስሌት ትልቅ ቦታ ያገኛል፡፡ ማር ለሚወደው የጎጃም ሰው ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አያስፈልገውም፡፡

የፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና የኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል መጽሐፍ ስለ እሬትና ስለ ሊሊ ዘመዶች ነው፤ ተሻሽሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፡፡ ውበት ለሚሹ ይህን እመክራለሁ፡፡ በደጋው መንገድ ዳር እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ቢጫና ብርቱካንማ የሚያብበውን ኒፎፊያ ሁላችንም አይተነዋል፤ የእርሱን የደቡብ አፍሪካ ዘመዶች አውሮፓውያን ገዝተው በግቢያቸው ይተክላሉ፡፡ እኛ በላዩ ላይ ከብት እንነዳበታለን፡፡ (በነገራችን ላይ፣ በላቲን ስሙ ላይ "የኢትዮጵያ" የሚል ቅጽል ያለው ነጩ ካላ ሊሊ የእኛ አይደለም፤ እርሱም የደቡብ አፍሪካ ነው፡፡)

አንድ ነገር ግን አደራ፡፡ መጽሐፉን አንብቦ ወደ ጮቄ ዶማ ይዞ መውጣት አይገባም፡፡ በተለይ ጅብራ ለብዙ ዓመታት ካደገ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት የከፍተኛ ተራራ ተክል ነው፤ ነቅሎ ከተማ ማምጣት ማጥፋት ነው፡፡ የሚወሰደው ዘር ወይም ቁራጭ ቅርንጫፍ ነው፡፡

ጠለቅ ማለት የሚፈልግ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የተባለውን ባለ ስምንት ቅጽ ሥራ በቤተ መጻሕፍት ይመልከት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980 በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀ ሲሆን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን ይዟል፡፡ ሕግ ለተማረ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ልክ እንደ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ትርጓሜ አለው፣ ንዑስ ክፍል አለው፣ በየደረጃው ከሁለት አንዱን ምረጥ እያለ ወደ ውሳኔ ይወስዳል፡፡ ጎጃም በሁለት የላቲን ፊደላት ምህጻር ስለተመለከተች፣ አንድ ተክል በአካባቢያችን መኖሩን ለማጣራት ምህጻሩን መፈለግ ብቻ ነው፡፡

ከአባይ ማዶ ስላለው ሁኔታ ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የመመረቂያ ጥናት አለ፡፡ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል፡፡ አገር በቀል ችግኝ ለምን እንደሚከስም ለሚጠይቅ ከብዙ የጓሮ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል፡፡

ከውጭዎቹ ሁለት ብቻ አስቀራለሁ፡፡ እንግሊዛዊቷ ቤዝ ቻቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ደረቅ ግቢ የጻፉት አንዱ ነው፡፡ የኖሩት ከእንግሊዝ ዝናብ አጠር አካባቢዎች አንዱ በሆነው በኤሴክስ ሲሆን፣ ሐሳባቸው ተክሉ በዱር የሚኖርበትን አይተህ ቦታውን ምረጥለት የሚል ነው፡፡ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቧንቧ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም፡፡ ሁለተኛው ክሪስቶፈር አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ በ1977 ያሳተሙት፣ 253 የአሠራር ንድፎችን የያዘው መጽሐፍ ነው፡፡ ቤት ተሠርቶ የተረፈ ቦታ ግቢ አይባልም፤ ሰው የሚቀመጥበት ቅርጽ ያለው ስፍራ መሆን አለበት ይላል፡፡ ዙሪያውን ሲሚንቶ የፈሰሰባቸውን አዳዲስ ግቢዎቻችንን ሳይ ይህ ምዕራፍ ትዝ ይለኛል፡፡ ስለ ደቡብ አቅጣጫ የሚለውን ግን ከላይ ባልኩት ፀሐይ አስተካክሎ ማንበብ ነው፡፡

አንባቢ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው ብሎ ይወቅሰኝ ይሆናል፤ ወቀሳው ተገቢ ነው፡፡ ለደጋ ጓሮ የሚሆን ጥሩ የአማርኛ መጽሐፍ በእጄ አልገባም፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የግብርና መምህራን ቢጽፉት የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ፡፡ የተክሉን ስም ከእናቶች አፍ ካልጻፍነው ስሙ ከእነርሱ ጋር ይሄዳል፡፡ እስከዚያው ግን የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የዕፅዋት ስሞች መዝገብ፣ አራተኛው የ1987 እ.ኤ.አ. ዕትም፣ ድልድይ ይሆናል፤ የአማርኛውን ስም ይዞ ገብቶ የላቲኑን ይዞ መውጣትና ወደ ዶ/ር አዘነ መጽሐፍ መሻገር ነው፡፡ ስም ግን ከአገር አገር እንደሚለያይ አይዘንጋ፡፡ ጎጃሜው ስሚዛ የሚለውን ሸዌው ሰንሰል ይለዋል፤ ተክሉ አንድ ነው፤ ለአጥርም በክረምት መግቢያ ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ይበቃል፡፡