የብስክሌት ሃይድሮሊክ ፍሬን፦ የጥገና ምልክቶቹ

ሃይድሮሊክ ፍሬን በሽቦ ፋንታ በቱቦ ውስጥ ባለ ዘይት ግፊት የሚሠራ የብስክሌት ፍሬን ነው። ጥገና መፈለጉን ቀድሞ የሚናገረው እጀታው ነው። ጤነኛ ፍሬን ሲጨበጥ ጥቂት ሄዶ ጠንከር ይላል፤ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ወይም መሪውን እስኪነካ ከገባ ችግር አለ። ደጋግመው ሲጨብጡት የሚጠነክር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ዘይት በቀላሉ አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃልና የእጅ ኃይል ከመንኮራኩሩ ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨብጦ የሚያቆመው ሸራ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። መፍትሔው አየሩን ማስወጣት ነው።

በቱቦው መገጣጠሚያ ወይም ሸራዎቹን በያዘው ካሊፐር ዙሪያ ወዝ ከታየ ዘይት እየፈሰሰ ነው፤ እንዲህ ያለ ብስክሌት እስኪጠገን ድረስ ፈጽሞ መነዳት የለበትም። ዘይት የነካው ሸራ ይጮኻል፣ የመያዝ አቅሙም ይወድቃል። ሸራና ዲስክ እያለቁም ይሄዳሉ፤ የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ የሸራው ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር፣ የዲስኩ ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንዲለወጡ ያዝዛል።

ዶት የተባለው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ የሚፈላ እየሆነ ይሄዳል፤ በረጅም ቁልቁለት ፍሬን በድንገት ሊከዳ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ምልክት ባይታይም ዘይቱ በየጊዜው ይለወጣል። በዶት ፋንታ የማዕድን ዘይት ለሚጠቀም ፍሬን ግን ዶት መጨመር በውስጡ ዘይቱን የሚያግዱትን ጎሚኒዎች ያበላሻል።